ሐኪም የሚያደርገው ነጥብ ስንት ነው?

በየዓመቱ የፍሬሽማን ምደባ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍበት ሰሞን ግቢያችን ሁለት ዓይነት ቤት ይሆናል፤ ግማሹ የሠርግ፣ ግማሹ የልቅሶ። ሕክምና የደረሰው ልጅ ወደ አገሩ ስልክ ሲደውል የእናቱ እልልታ በአጠገቡ ለቆምነው ሁሉ ይሰማል። የቀረበት ደግሞ ስልኩን ዘግቶ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በቀን ይተኛል። የሚያስገርመን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በመግቢያው ፈተና ከ600 ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ቢሆን ነው፤ በፍሬሽማን ውጤት ደግሞ ከነጥቧ በስተቀኝ ያለችው ሁለተኛ አኃዝ ናት። በዚያች አኃዝ ምክንያት አንዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» እየተባለ ሲጠራ ሌላው ባልመረጠው ክፍል ውስጥ ዓመታት ሊገፋ ይሄዳል።

«እናንተ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ናችሁ፤ በሕክምና ጉዳይ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ እኛ በሽተኞቹ ነን። ማን ሐኪም እንደሚሆን የሚወስነው ደንብ፣ ነገ በየወረዳው ሆስፒታል ማን እንደሚያየን፣ ወይም ማንም ሳያየን እንደምንመለስ የሚወስን ደንብ ነው። ደግሞም ለሕክምና ወንበር የምንወዳደር ሰዎች ስላልሆንን ለራሳችን ድርሻ እየቆረጥን ነው ተብለን አንታማም።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዳይሳሳቱብን እንፈልጋለን። ነጥብ ይጥፋ፣ ፈተና ይቅር አላልንም፤ አንልምም። የመድኃኒት መጠን ማስላት የሚያቅተው፣ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲገልጥ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነጭ ካፖርት ለብሶ በራስጌያችን እንዲቆም አንመኝም። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ለከባድ ትምህርት የሚበቃ መሠረት ያስፈልጋል። የእኛ ነገር ይህ ነው፦ ነጥብ በር ጠባቂ ሊሆን ይገባዋል፤ ዛሬ ግን ዳኛም፣ ዘውድ ጫኝም ሆኗል። በር ጠባቂ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ተማሪ ሕክምናን ተምሮ ሊጨርስ ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱ «ይችላል» ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በሁለት ነጥብ መብለጥና ማነስ ስለ ሐኪምነት የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሕክምና ከሚገቡት አማካይ ውጤት ጥቂት ዝቅ ብሎ የተገኘው ተማሪ በሩን ማለፍ ያልቻለ ተማሪ አይደለም። በሩን ካለፈ በኋላ ወንበር ያጣ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በግቢያችን ሐሜት አንድ ሆነው ይቈጠራሉ፤ ልጁም ራሱ «ወድቄ ነው» እያለ ይናገራል።

ለመሆኑ ሁለት ነጥብ ምንድር ናት? በምርጫ ፈተና ሁለት ነጥብ ማለት ተማሪው እርግጠኛ ሳይሆን ያጠቆረው አንድ ክብ ማለት ነው። የፈተናው ዋዜማ ጥርሱን ያመመው፣ ወይም ከመንደሩ ወጥቶ በማያውቀው የዩኒቨርስቲ ግቢ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጅ ከዚያ የበለጠ ሊጥል ይችላል። ይህ እንግዲህ የዕለቱ ነገር ነው። የዓመታቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. የአላፊዎቹ ቍጥር ከፍ ብሎ 5.4 ከመቶ ሆነ። አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹ በሙሉ ሲወድቅ የወደቀው የተማሪዎቹ አእምሮ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ እኛ ከእርሱ ጋር የምንነጋገረው ሌላ ነገር የለንም።

እንግዲህ ሁለት ልጆች እናስብ። አንደኛው ቤተ ሙከራው በስም ብቻ ካለ ትምህርት ቤት፣ ፒፔትን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይቶ፣ ማታ ማታ ከብት አስገብቶ እያጠና 480 አመጣ። ሁለተኛው ከልጅነቱ ጀምሮ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ የቀድሞ ፈተናዎች ከነመልሳቸው ተጠርዘው ተገዝተውለት 490 አመጣ። ማን ይበልጣል? ሰሌዳው ሁለተኛው ይበልጣል ይላል። እኛ ግን ያለ መሰላል እዚያ ድረስ የወጣው ልጅ መሰላል ቢሰጠው የት ይደርስ ነበር ብለን እንጠይቃለን። ሁለተኛውን ልጅ መናቃችን አይደለም፤ እርሱም ደክሟል። የምደባውም ደንብ ቢሆን ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም፤ ለሴት ተማሪዎችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ልዩ ድጋፍ ሲደረግ መቆየቱ ነጥብ ብቻውን እውነቱን ሁሉ እንደማይናገር መንግሥትም እንደሚያውቅ ያሳያል። ታዲያ እውነቱ እስከዚያ ድረስ ከታመነ ለምን እዚያ ላይ ይቆማል?

ይህን የምንለው በአዘኔታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ አገር በሂዩስተን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን መርጦ ካበቃ በኋላ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት «50 ጨምሩ» ብሎ አዘዘ። ጊዜው ረፍዶ ነበርና በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ላይ ከላይ የነበሩት አመልካቾች ሌላ ቦታ ገብተው አልቀዋል። የቀሩት ትምህርት ቤቱ ራሱ በቃለ መጠይቅ መዝኖ በታችኛው ተርታ ያስቀመጣቸውና የመለሳቸው ነበሩ። ሃምሳዎቹ ከእነዚህ መካከል ተወሰዱ። በኋላ አስቀድመው የተመረጡትና እነዚህ ሲነጻጸሩ፣ በትምህርቱ ዘመንም ሆነ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ልምምድ ዓመት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሞ ወጥቷል። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሃምሳዎች ለቃለ መጠይቅ የሚያበቃ ውጤት ነበራቸው። በር ጠባቂው አሳልፏቸው ነበር። ከንቱ ሆኖ የተገኘው ከበሩ በኋላ የተደረደረው ተርታ ነው።

መስመሩ ለሁሉ እኩል ነው የሚለውንም አንቀበልም። የማለፊያውን ነጥብ ይዞ የመንግሥት የሕክምና ወንበር ያጣው ተማሪ አባቱ ባለጸጋ ከሆነ በግል ኰሌጅ ይመዘገባል፤ ወይም ባሕር ተሻግሮ ይማራል፤ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላም ሐኪም ሆኖ ይመጣል። የጉልት ነጋዴ ልጅ ግን ያው ነጥብ ይዞ ያው መስመር ላይ ይቀራል። በግል ከተማሩት ውስጥ መልካም ሐኪሞች መውጣታቸውን አንክድም፤ እንዲያውም ይህ የእኛን ነገር ያጸናልናል። በዚያ ነጥብ ጥሩ ሐኪም መሆን የሚቻል ከሆነ፣ መስመሩ በተግባር የሚለየው ችሎታን ሳይሆን ኪስን ነው። የነጥብ ባላባትነት የምንለው ይህን ነው።

«የሰው ሕይወት ቀልድ አይደለም፤ ጎበዞቹ ብቻ ይግቡ» የሚሉን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አሉ። ቀልድ አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ወደ ሕክምና መግባት የሐኪምነት ምስክር ወረቀት መቀበል አይደለም። ከመግቢያው እስከ መውጫው ድረስ የአናቶሚው ፈተና፣ የፊዚዮሎጂው ፈተና፣ በዎርድ ውስጥ የፕሮፌሰሮቹ ፋታ የማይሰጥ ጥያቄ፣ የኢንተርንነቱ ሌሊት፣ የመውጫ ፈተናውና የሙያ ፈቃዱ ፈተና አለ። በሽተኛን ከማይረባ ሐኪም የሚጠብቁት እነዚህ ናቸው። እነርሱ ከላሉ የመግቢያው ነጥብ ሰማይ ቢነካ አያድነንም፤ እነርሱ ከጠበቁ ደግሞ በሁለት ነጥብ ያነሰው ልጅ ወይ ይበቃል፣ ወይ በመንገድ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ እኛንም ብዙ ሌሊት ያከራከረን እርሱ ነው። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ነጥብ ቢያንስ ዘመድ የለውም። ኮምፒዩተሩ የአባቴን ስም አይጠይቅም። እናንተ እንደምትሉት ጠባይ ይታይ፣ ፍላጎት ይመዘን፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግ ከተባለ የባለሥልጣኑ ልጅ ፍላጎት ከእኔ ፍላጎት ይበልጣል። ዛሬ በሁለት ነጥብ የምቀረው እኔ፣ ያን ጊዜ በሁለት የስልክ ጥሪ እቀራለሁ።» ይህን የሚለው የገበሬ ልጅ ነው። እውነቱን ነው። ነጥብ በአገራችን የድኻ ልጅ ጋሻ ሆኖ የኖረ ነገር ነው፤ ጋሻውን ንጠቁት የሚል ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጠው አስቀድሞ መናገር አለበት። የሂዩስተኑም ነገር እንደሚያሳየው ቃለ መጠይቅ የማያዳላ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ማን መልካም ሐኪም እንደሚሆን አስቀድሞ መለየቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ኰሚቴ ይቋቋም፣ ሽማግሌ ይቀመጥና ይምረጥ አንልም። የምንለው ዕጣ ይውጣ ነው።

ሳቅ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ሐኪም በሎተሪ!» ይባላል። ይሁን እንጂ የሆላንድ ሰዎች ይህን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አድርገውታል። አሠራሩም ዝም ብሎ ጭፍን አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሚፈለጉት ዓይነቶች ያለፈ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ውጤቱ ከፍ ያለው የመውጣት ዕድሉ ከፍ እንዲል፣ ዝቅ ያለው ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይመዘናል። ከአማካይ ጥቂት ያነሰው ልጅ ዕድሉ ያንሳል እንጂ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከአሥር 9.6 ያላት አንዲት ተማሪ ለሦስተኛ ጊዜ ዕጣ ሳይወጣላት በመቅረቷ አገሩ ሁሉ ተንጫጫ፤ ከ1999 ጀምሮም ከአሥር 8ና ከዚያ በላይ ያላቸው ያለ ዕጣ እንዲገቡ ተደረገ። ይህ ተገቢ ነበር እንላለን፤ እነዚያ ከፍተኞቹ በሕክምና ትምህርትም ጎልተው እንደሚታዩ እዚያው የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋልና። በ2017 ዕጣው ቀርቶ ዩኒቨርስቲዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ተባለ። ምርጫው ግን ለተማሩና ለባለጸጎች ልጆች ያደላል የሚል ክርክር በረታና ከ2023 ጀምሮ ዩኒቨርስቲዎች ከወደዱ ወደ ዕጣ መመለስ እንዲችሉ ተፈቀደ። ሞክረው፣ ትተው፣ እንደገና ያሰቡበት ነገር ነውና እንደ ዕብደት ሊቈጠር አይገባም።

ለእኛ ደግሞ ዕጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያት ከጎደለው ከይሁዳ ስፍራ የሚተካ ሲፈልጉ መጀመሪያ ብቁ የሆኑትን ሁለት ሰዎች አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣ አወጡ፤ ለማትያስ ወጣ። ቅደም ተከተሉ ልክ እኛ የምንለው ነው፤ አስቀድሞ ብቃት፣ ከዚያ ዕጣ። እናቶቻችን በየሳምንቱ ዕቁብ ይጥላሉ። ዳኛው ተቀምጦ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ፣ ብጫቂ ወረቀቶች በሁሉ ፊት ተጠቅልለው፣ ከመካከል አንድ ሕፃን ተጠርቶ ያነሣል። ያልወጣለት ሰው ይከፋው ይሆናል፤ ተዋረድኩ ግን አይልም። እኛ ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው። ዕጣ ያልወጣለት ተማሪ «ዕድሌ አልሆነም» ይላል፤ በነጥብ የቀረው ግን «እኔ አልሆንም» ይላል። ሁለተኛውን እያለ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ ለፊዚክስም አይበጅ፣ ለራሱም አይበጅ።

በእርግጥ ዕጣም ይሰረቃል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ ማጭበርበር መደረጉ ተገልጾ ተሰርዟል። ስለዚህ የእኛ ዕጣ በኮምፒዩተር ሳጥን ውስጥ ተደብቆ እንዲወጣ አንሻም። በትልቁ አዳራሽ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ እንደ ዕቁቡ በብጫቂ ወረቀት ይውጣ። ሰዓት ይፈጃል ከተባለ ይፍጅ፤ የሰባት ዓመት ትምህርት ለሚጀመርበት ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ አይበዛም።

አንድ ቀን የወጣ ዕጣም ሆነ አንድ ቀን የተለጠፈ ነጥብ ግን ለዘለዓለም መቆለፊያ መሆን የለበትም። ሁለተኛ በር ያስፈልጋል። በዚህ ነገር አገራችን ለሌላው የምታስተምረው ታሪክ አላት። በደንቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኰሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ያሠለጥን ጀመር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየአውራጃው ወባን፣ ፈንጣጣንና አስቸጋሪ ወሊድን ይዘው የቆዩት የጎንደር ልጆች ነበሩ። እንደገናም በ2002 ዓ.ም. ገደማ የጤና መኰንኖችን በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተማር ተጀመረ። ዛሬ ከዋና ከተማ ርቆ ባለ ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ጥገና የሚያዋልደው ሰው ምናልባት በነጥብ ሕክምና ያልደረሰው የጤና መኰንን ነው። ምላጩን በያዘበት ሰዓት «ስንት አምጥተህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበሉ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀምረው ነበር። ይህ ሁለተኛ በር እንዲሰፋ እንጂ እንዲጠብ አንፈልግም። በነርስነት ወይም በጤና መኰንንነት ገጠር ወርዶ ሦስት አራት ዓመት የሠራ ሰው ለሕክምና ሲያመለክት የ12ኛ ክፍል ነጥቡ ሳይሆን ሥራው ይታይለት። የትውልድ ስፍራውም ይታይ። ከገጠር የወጣ ተማሪ ተመርቆ ወደ ገጠር የመመለስ ዝንባሌው እንደሚበልጥ በብዙ አገር ታይቶ፣ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥታት የገጠር ልጆችን ለይተው እንዲያስገቡ መክሯል። ጃፓኖች ለዚሁ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1972 ጂቺ የሚባል የሕክምና ዩኒቨርስቲ አቋቁመው ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ ይመለምላሉ፤ ተማሪውም በትምህርት ክፍያው ፈንታ ዘጠኝ ዓመት ያህል ክፍለ ሀገሩን ያገለግላል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎቻችን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ያየ ሰው ሐኪምን በስፍራው የሚያቆየው የመግቢያ ደንብ ብቻ እንዳልሆነ አይስተውም፤ ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እስከዚያው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ለተኛው ወንድማችን አንድ ቃል አለን። ተነሥተህ ምሳህን ብላ። በሁለት ነጥብ የቀረብህ ወንበር ነው፤ ጭንቅላትህ ያው ትናንት የነበረው ነው። ነርሲንግ ወይም የጤና መኰንንነት ከደረሰህ እንደ ቅጣት አትቁጠረው።

ለማኅበራችን መሪዎች ደግሞ ጥያቄያችን ይህ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ። የሕክምናው ወንበር ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለወጥ አላልንም፤ ከአሥሩ ወንበር ስምንቱ እንደ ልማዱ በነጥብ ይሰጥ፤ ሁለቱ ብቻ የሕክምና ፋኩልቲው ራሱ «ይህ ከተገኘ ተማሪው ይችላል» ብሎ ከሚቈርጠው ነጥብ በላይ ላሉት ሁሉ በአዳራሽ ዕጣ ይውጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ የስምንቱና የሁለቱ ውጤት ጎን ለጎን ይለጠፍ። ሴኔቱ «አይሆንም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን፤ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን። የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪዎችም ቢመልሱልን ደስ ይለናል፤ የአናቶሚ ፈተናቸው ካለቀ በኋላ።